ከሊቢያ፣ ከሱዳንና ከዓረብ አገር ለተመለሱ የቤተ ክርስቲያን ማረፊያ ጎንደር ላይ ስንከፍት ከምን እንጀምር?

የአራዳ ሰንበት ተማሪ (ጥያቄውን የከፈተ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን የመድረኩ ቤተሰቦች። በደላላ ተታልለው ወጥተው፣ ተሽጠው፣ ታግተው የተመለሱ ሰዎች የሚያርፉበት አነስተኛ ቤት በአጥቢያችን ሊከፈት ነው። ስድስት አልጋ የሚይዝ፣ ግቢ ያለው ቤት አንድ ምእመን ያለ ኪራይ ሰጥተዋል። ቤይሩት ያሉ ምእመናን የሚመለሱ እህቶችን ወደ እኛ ለመላክ ይፈልጋሉ። ከውጭ አንድ የወንጌል ተልእኮ ቡድንም ለሁለት ሳምንት መጥቶ ለማገልገል ጠይቋል። በኮሚቴው ውስጥ ሦስት ሐሳቦች ተነሥተዋል፦ እንደገቡ ጸበል ይጠመቁ፣ በመጀመሪያው እሑድ ቆመው ይመስክሩና ሕዝቡ ያዋጣ፣ ከዚያ የልብስ ስፌት ይሠልጥኑ። ሥራውን የምታውቁት በዝርዝር ብትነግሩን።

ሲስተር ማራኪ

እግዚአብሔር ሐሳባችሁን ይባርክ። ቅደም ተከተሉ ግን ይስተካከል፤ ከሁሉ በፊት ሰውነት ይታይ። ሰዓት የማይጠብቁ ነገሮች አሉ። አስገድዶ መድፈር ከደረሰ 72 ሰዓት ካላለፈ የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት ይጀመራል፤ 28 ቀን ሳይቋረጥ ይወሰዳል። የድንገተኛ እርግዝና መከላከያ እስከ 120 ሰዓት ያገለግላል፤ በቶሎ ሲወሰድ ደግሞ የተሻለ ነው። ጥቃቱ ድንበር ላይ ወይም ከመተማ ወዲህ የደረሰ ከሆነ፣ ልጅቱ ጎንደር ስትገባ ሰዓቱ ገና አላለቀም ይሆናል። ስለዚህ ቅዳሜ የገባችን ልጅ "ትረፍ፣ ሰኞ እንወስዳታለን" ማለት ትልቅ ጉዳት ነው። የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል እሑድም ክፍት ነው።

ጊዜው ካለፈ የኤች አይ ቪ፣ የሄፓታይተስ ቢ፣ የቂጥኝና የእርግዝና ምርመራ በፈቃዷ ይሠራላታል። ጥቃቱ ቅርብ ከሆነ የኤች አይ ቪው በሦስተኛው ወር ይደገማል። ውጤቱ የእሷ ነው፤ ለቤቱ ኃላፊም ሆነ ለኮሚቴው አይነገርም።

ከመተማ ቆላ ወይም ከሱዳኑ ገዳሪፍ የሰሊጥ እርሻ ለሚመጡት ደግሞ ትኩሳት ሁሉ ወባ አይደለም። ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ሰውየው ከከሳና በግራ በኩል ከጎድኑ ሥር ሆዱ ካበጠ ካላዛር (በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ በሽታ) ይጠረጠራል። የመጀመሪያው ምርመራ ትንሽ ደም ብቻ ነው የሚፈልገው። የተለመደው ሕክምና ሁለት መርፌዎች በየቀኑ ለ17 ቀን የሚሰጡበት ነው፤ ካልታከመ ይገድላል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚሁ የተቋቋመ የሕክምናና የምርምር ማዕከል አለው። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ካለ ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ይደረግ። ስደተኞች የሚታገቱባቸው የሊቢያ መጋዘኖች ሰው በሰው ላይ የሚተኛባቸው ናቸውና።

እከክን አትናቁ። ከመጋዘን የወጣ ሰው ሁሉ ሊኖርበት ይችላል። ቅባቱ ከአንገት እስከ እግር ጥፍር፣ በጣቶች መካከልና ከጥፍር ሥር ሳይቀር ይቀባል፤ ከሳምንት በኋላ ይደገማል። ልብስና አንሶላ በፈላ ውኃ ይታጠባል፤ የማይታጠበው በላስቲክ ታስሮ ሳምንት ይቆያል። ሕክምናው የማይሳካው ብዙ ጊዜ የሚያክከው ብቻ ስለሚቀባ ነው። ያልተቀባው የክፍል ጓደኛው መልሶ ያስይዘዋል። የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ ሌሊት ይቀባ።

አንድ ነገር ልጨምር። ለሳምንታት ርቦት የቆየን ሰው በገባበት ቀን ዶሮ ወጥ አቅርቦ "ብላ፣ ብላ" ማለት ደግነት ይመስላል፤ አደጋ ነው። በረሃብ የቆየ ሰውነት በድንገት ምግብ ሲበዛበት በደም ውስጥ ያሉ ማዕድናት ይወርዳሉ፤ ልብ እስከ መቆም ይደርሳል። አጥሚትና ሾርባ በትንሽ በትንሹ፣ በቀን አምስትና ስድስት ጊዜ ይሰጥና በሳምንት ውስጥ ቀስ እያለ ይጨመር። በጣም የከሳ ከሆነ ማዕዱ ሳይቀርብ ሐኪም ይየው።

መምህር ዘቁስቋም

የሲስተርን ቃል አጸናለሁ። ስለ ጸበሉ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑን በኩል ልናገር።

ጸበል በፈቃድ ነው። በዓረብ ቤት ተቆልፎባት የኖረችን ልጅ፣ በሊቢያ በሰንሰለት የታሰረን ወጣት እጁን ይዞ መጎተት፣ "ይለቅሃል" ብሎ ማሰር፣ ከኋላ መጥቶ ውኃ አናት ላይ ማፍሰስ ያንኑ መከራ መድገም ነው። ባሕር ላይ ጀልባው የሰመጠበት ሰው ፊቱ ላይ ውኃ ሲፈስ እስትንፋሱ ይቆረጣል፤ ይህን አይተው "ርኩስ መንፈስ ነው" የሚሉ አሉ። ፍርሃት ነው። የሚደረገው እንዲህ ነው፦ ለሴቶች ሴት አስተናጋጅ ትኑር። ከሕዝቡ ተለይቶ ሰዓት ይሰጣቸው። መጀመሪያ በጽዋ ትጠጣ፣ ቀጥሎ በእጇ ፊቷን ትታበስ፣ በሌላ ቀን በእግሯ ላይ ይፍሰስ። ለመጠመቅ የፈለገች ዕለት በራሷ አፍ ትናገራለች። አጥማቂው ጮክ ብሎ አይገሥጽ።

ሁለተኛው ጉዳይ ስለ ንስሐ ነው። በግድ ለተፈጸመባት ነገር ቀኖና አይሰጣትም፤ የተበደለች እንጂ የበደለች አይደለችምና። ራሷ "ረክሻለሁ" ብላ ብትመጣ የንስሐ አባቷ ሸክሙን ያንሣላት፣ አይጨምርባት። ሌላ ኃጢአት አለብኝ ብላ ከተናዘዘችም ቀኖናው አቅሟን ያይ። ወገቡ የተጎዳ ሰው መቶ ስግደት አይችልም፤ ደሟ ያነሰ ልጅ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አትጾምም። ይህን መፍቀድ የካህኑ ሥልጣን ነው፤ ቀድማችሁ አነጋግሩት።

ሦስተኛው በየቤቱ ተደብቆ የሚኖር ነው። ለዓረብ አገር ቪዛ ሲባል ስማቸው ተለውጦ፣ ማተባቸው ተበጥሶ የሄዱ እህቶች ብዙ ናቸው። ሲመለሱ ቅዱስ ቁርባን መቀበልም ቤተ ክርስቲያን መግባትም ይፈራሉ። ለዚህ መጽሐፈ ቄደር አለ፤ የተመለሰ ሰው ጸሎት ተደርሶለት፣ ውኃው ተባርኮ የሚታጠብበት ሥርዓት። ያስፈልግ እንደሆነ ካህኑ ነገሩን ሰምቶ ይወስን። ከተደረገ ግን በሥራ ቀን፣ እሷና ካህናቱ ብቻ ባሉበት ይሁን። ማተቡም ያን ዕለት በአንገቷ ይታሰርላት።

ወልደ ሚካኤል 21

መምህር፣ አከብርዎታለሁ፤ ነገር ግን ጸበል የያዘ ሰው ኪኒን መዋጥ የለበትም ሲባል ነው የምንሰማው። እምነቱን አያጎድልም?

መምህር ዘቁስቋም

ልጄ፣ መድኃኒቱንም ባለመድኃኒቱንም የፈጠረ አንድ ጌታ ነው። እንጦጦ ማርያም የኤች አይ ቪ መድኃኒት እየወሰዱ የሚጠመቁ ምእመናንን አባቶች ባርከው አስተናግደዋል። መድኃኒትህን ጣል የሚል አጥማቂ ካለ እናንተ እዚያ አትላኩ።

ሲስተር ማራኪ

ከሕክምናው በኩል ሁለት ነገር ልጨምር። ለድብርትና ለጭንቀት የሚሰጥ መድኃኒት ለውጡ የሚታየው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ ሙሉ ለሙሉ ለመሥራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ብዙዎች በአሥረኛው ቀን "አልሠራልኝም" ብለው ያቆማሉ። በድንገት ሲቆም እንቅልፍ ማጣትና ማዞር ይመጣል፤ ያ ደግሞ "መድኃኒቱ ነው ያሳበዳት" ያሰኛል። ሌላው የውኃው መጠን ነው። ለድብርት የሚሰጠው ፍሉኦክሰቲንና ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ካርባማዜፒን በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም (ጨው) ዝቅ ሊያደርጉ ይችላሉ። በእነዚህ ላይ ያለ ሰው በባዶ ሆዱ በርካታ ሊትር ጸበል በአንድ ጊዜ ቢጠጣ መንቀጥቀጥና ራስ መሳት ሊደርስበት ይችላል። በጽዋ ይበቃል። ጠዋት የሚዋጠውን ኪኒን ከጸበሉ በኋላ ወደሚበላበት ሰዓት ማዛወር ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ይቻላል።

የቸቸላ አማካሪ

ስለ ምስክርነቱ በግልጽ ልናገር፦ አይሁን። በመጀመሪያው እሑድም፣ በመጀመሪያው ዓመትም።

ምክንያቱ ብዙ ነው። ገና ያልጠገገን ነገር በአንድ ቁጭታ ሁሉንም ማስወራት ያድናል የሚለው አሳብ አልተረጋገጠም። የዓለም ጤና ድርጅትም አደጋ ለደረሰበት ሰው እንዲህ ያለ የአንድ ጊዜ "ሁሉን አውጣው" ንግግር እንዳይደረግ ይመክራል። ሕዝብ ፊት ሲሆን ይብሳል። ምእመኑ እያለቀሰ "እልል" ሲል እሷ የምታየው የሚያያትን ዓይን ነው። ከዚያ በኋላ በሰፈሩ ስሟ "የሊቢያዋ" ሆኖ ይቀራል። ሦስተኛው ስልክ ነው፤ አንድ ሰው ይቀርጻል፣ ማታ ቲክቶክ ላይ ይወጣል፣ የወሰዳት ደላላ ያየዋል። ደላላው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሩቅ ሰው አይደለም፤ የሰፈር ልጅ፣ የአክስት ጎረቤት ነው። መዋጮ ካስፈለጋችሁ ያለ ስም፣ ያለ ፎቶ፣ ስለ ቤቱ ወጪ ተናግራችሁ ጠይቁ።

በምትኩ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚበቃው ሦስት ነገር ነው፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። አደጋ ላይ መሆን አለመሆኗን አይቶ፣ የምትለውን ሳይጎተጉቱ ሰምቶ፣ ወደምትፈልገው ነገር ማድረስ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ብዙ ጊዜ "ለእናቴ ልደውል" ነው። እንግዲህ ስልክ ካርድ ተሞልቶ ይጠብቃት።

ቤቱን ራሱን ተመልከቱ። የመኝታ ክፍል በር ከውስጥ በመወርወሪያ የሚዘጋ እንጂ ከውጭ በቁልፍ የሚቆለፍ አይሁን። ብዙዎች በቁልፍ ድምፅ ነው ከእንቅልፋቸው የሚባንኑት። የግቢው በር ማታ ቢዘጋም ቁልፉ ሁሉም የሚያውቁት ምስማር ላይ ይንጠልጠል። ኮሪደር ላይ ሌሊቱን የሚበራ አነስተኛ አምፖል ይኑር፤ መብራት ሲጠፋ የሚተካ በባትሪ የሚሠራም ጭምር። ዘበኛው ዱላ ይዞ በመስኮት ሥር አይዙር። ፓስፖርት፣ መታወቂያ፣ ስልክ "ይጠፋባታል" ተብሎ ኃላፊዋ ዘንድ አይቀመጥ። አሠሪዋም እንዲሁ ብላ ነው የወሰደችባት።

ሌሊት ብትባንን ስሟን ቀስ ብሎ መጥራት፣ አለመንካት፣ "ጎንደር ነሽ፣ ዛሬ ዓርብ ነው፣ እኔ እገሌ ነኝ" ማለት። ከዚያ የምታያቸውን አምስት ነገሮች፣ የምትነካቸውን አራት፣ የምትሰማቸውን ሦስት፣ የምታሸታቸውን ሁለት፣ የምትቀምሰውን አንድ እንድትቆጥር ማገዝ። ይህን ዘበኛዋም ወጥ ሠሪዋም ሊማሩት ይችላሉ፤ ሌሊት አብረዋት የሚያድሩት እነሱ ናቸውና።

ወር ካለፈ በኋላም ቅዠቱ፣ መደንገጡና መሸሹ ካልቀነሰ ወደ ሳይካትሪ (የአእምሮ ሕክምና) ክፍል ትላክ። ራሷን ስለ መጉዳት ካወራች ግን ያኑ ዕለት። ለቀሪዎቹ የሠለጠነ የማኅበረሰብ አገልጋይ ሊሰጠው የሚችል፣ በዓለም ጤና ድርጅት የተዘጋጀ የአምስት ሳምንት ምክር አለ፤ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ 90 ደቂቃ። የሚሠራው ግን አገልጋዩ ራሱ በየሳምንቱ የሚያየው ባለሙያ ካለው ነው። ተቆጣጣሪ የሌለው አማካሪ በጥቂት ወራት ውስጥ ራሱ እንቅልፍ ያጣል።

የአራዳ ሰንበት ተማሪ

እግዚአብሔር ይስጥልን። ይህንኑ ምክንያት ለኮሚቴው ነግረን ምስክርነቱን እናስቀራለን። የሁለት ሳምንቱ ቡድንስ ምን ይሁን?

የቤይሩት አገልጋይ

ለሁለት ሳምንት የሚመጣ ሰው ከተጎጂዎቹ ጋር በቀጥታ አይሥራ። ልጅቱ ልቧን ከከፈተችለት በኋላ አሥራ አምስተኛው ቀን ላይ ይሄዳል፤ ይህ ለእሷ ሌላ መተው ነው። በአስተርጓሚ የሚደረግ ምክርም ከባድ ነው። ጎንደር ትንሽ ከተማ ናት፤ አስተርጓሚው የዘመድ ልጅ ሊሆን ይችላል። ቡድኑ የሚጠቅመው ለአገልጋዮቻችሁ ሥልጠና በመስጠት፣ መታጠቢያ ቤትና ጣሪያ በመጠገን፣ ከሄደ በኋላ ደግሞ የአማካሪዋን ደመወዝ ለሁለት ዓመት በመሸፈን ነው። ፎቶ አያነሡም፣ ሳይጠየቁ አያቅፉም፣ ስጦታ ለአንዷ ለይተው አይሰጡም፤ ይህን ቀድመው ይፈርሙ። ደግሞም እርዳታ ከእምነት መለወጥ ጋር አይታሰር። የቀይ መስቀል ንቅናቄና የረድኤት ድርጅቶች በ1994 እ.ኤ.አ. የተስማሙበት መመሪያ ይህን በግልጽ ይከለክላል፤ ለኦርቶዶክስም ለፕሮቴስታንትም ለካቶሊክም እኩል ይሠራል። ሙስሊም እህቶችም ይመጣሉ። ሶላት የሚሰግዱበት ቦታና የሚበሉት ሥጋ ከአሁኑ ይታሰብ።

ከቤይሩት ስለሚላኩት፦ ሊባኖስ ውስጥ የቤት ሠራተኛ የመኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ ስም የታሰረ ነው። ከቤቱ ስትወጣ ሕገወጥ ትባላለች፤ ፓስፖርቷም እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ከቆንስላው ሊሴ ፓሴ (በፓስፖርት ፋንታ የሚሰጥ የጉዞ ሰነድ)፣ ከአገሩ የጸጥታ መሥሪያ ቤት ደግሞ የመውጫ ፈቃድ ያስፈልጋታል። የካቶሊክ ረድኤት ድርጅት የሆነው ካሪታስ ሊባኖስ በ1994 እ.ኤ.አ. የከፈተው የስደተኞች ማዕከል ጠበቃና መጠለያ ያቀርባል። የካቶሊክ ደናግል ደግሞ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታሊታ ኩም በተባለ መረብ አገር ለአገር ተያይዘው ይሠራሉ። ከዚያ የሚላከው ሰው ባዶ እጁን እንዳይመጣ አጥብቃችሁ ጠይቁ፦ የሕክምና ማጠቃለያ፣ የወር መድኃኒት፣ ያልተከፈለ ደመወዝ ካለ ጠበቃው የሚቀጥልበት የውክልና ወረቀት። አገር ከገባች በኋላ ውክልና ለመላክ ወራት ይፈጃል፤ ብዙው ደመወዝ የሚቀረውም እዚህ ላይ ነው።

በጣም የሚበላሸው መቀበያው ነው። ቦሌ የሚቀበላትና ወደ ጎንደር የሚያሳፍራት ሰው ስምና ፎቶ ከመነሣቷ በፊት በስልኳ ይድረሳት። ኤርፖርት ላይ "ከቤተ ክርስቲያን ነን" የሚል ደላላም ይኖራልና። ጎንደር፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ኤርፖርት፣ የምትቀበላት ሴት ትሁን፤ ሰልፍና አበባ አያስፈልግም። ቤተሰብ ይምጣ አይምጣ የምትወስነው እሷ ናት።

የአዘዞ ጠበቃ

ሕጉን ባጭሩ። የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ነው፤ የቀድሞውን 909/2007 ተክቷል። በሰው መነገድንም ድንበር ማሻገርንም ይሸፍናል። ተጎጂ በእሱ ላይ በመነገዱ ምክንያት ለፈጸመው ነገር አይከሰስም፤ ይህን መጀመሪያ ንገሯቸው፤ ብዙዎች "በሕገወጥ መንገድ ወጥቻለሁ፣ እታሰራለሁ" ብለው ነው ዝም የሚሉት። "በፈቃዷ ነው የሄደችው" የሚለው ክርክርም ማታለል ወይም ማስገደድ ካለ ዋጋ የለውም፤ ዕድሜዋ ከ18 በታች ከሆነ ደግሞ ማታለሉን ማስረዳት እንኳ አያስፈልግም። ሕፃን፣ ማለትም ከ18 ዓመት በታች የሆነ፣ ከገባ በዚያው ዕለት ለከተማው ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ አሳውቁ፤ በራሳችሁ አታኑሩ።

ማስረጃው ብዙ ጊዜ በቤተሰብ እጅ ነው። ማስለቀቂያ የተላከበት የባንክ ደረሰኝ፣ የሒሳብ ቁጥሩ ባለቤት ስም፣ አጋቾች ልጁን እየገረፉ የላኩት የድምፅ መልእክት፣ የደወሉበት ቁጥር። ስልኩ ሳይሸጥ፣ ሚሞሪው ሳይጠፋ ቅጂው ይቀመጥ። ቃሏን ግን እናንተ ደጋግማችሁ አትጠይቁ። በየጊዜው የሚለዋወጥ ቃል ፍርድ ቤት ላይ ይጎዳታል። ክስ የምትፈልግ ከሆነ አንድ ጊዜ፣ ለመርማሪ፣ የምታምናት ሰው አጠገቧ ተቀምጣ። የማትፈልግ ከሆነ አልጋዋ በዚህ አይወሰድባት።

ምዝገባውን በተመለከተ፣ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 የሃይማኖት ተቋማትን አይመለከትም። ከውጭ ገንዘብ ለማስገባት በተመዘገበ የልማት ክንፍ በኩል ብትሄዱ ይሻላል። ለእናንተ የቅርቡ በ1972 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የቤተ ክርስቲያኒቱ የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን ነው።

የቅዳሜ ገበያ ሒሳብ ያዥ

ማንም ያላነሣው ነገር ዕዳው ነው። ለመንገዱና ለማስለቀቂያው በሬ ተሽጧል፣ መሬት በመያዣ ተይዟል፣ ከአራጣ አበዳሪ ተወስዷል። ልጅቱ ደኅና ሆና ወደ ቀበሌዋ ስትመለስ በሩ ላይ የሚጠብቃት አበዳሪ ነው፤ እንደገና መተማ የምትወርደውም በዚህ ምክንያት ነው። ሥልጠና ከመጀመሩ በፊት ከእሷና ከቤተሰቧ ጋር የዕዳ ዝርዝር ይጻፍ፦ ለማን፣ ስንት፣ ወለድ አለው ወይ፣ መቼ ይደርሳል፣ ምን ተይዟል። ከዚያ የሰፈሩ ሽማግሌዎችና የንስሐ አባቱ አበዳሪውን ያነጋግሩት፤ ወለዱ እንዲቆምና ዋናው በየወሩ እንዲከፈል። ካህን በመሐል ገብቶ ያስማማው ውል ከፍርድ ቤቱ ይልቅ የሚከበርበት ጊዜ ብዙ ነው። ቤተ ክርስቲያን ከማንም ድርጅት የምትበልጠው እዚህ ላይ ነው።

ስፌቱን ሁሉም አይፈልገውም። ጎንደር ላይ ስፌት የሠለጠነ ሞልቷል፤ የተዘጋጀ ልብስ ደግሞ በርካሽ ይመጣል። የምትችለውን ጠይቋት፤ ዓረብ አገር የቆየች ልጅ ዓረብኛ ትናገራለች፣ ምግብ ታውቃለች፣ አረጋዊ ተንከባክባለች። መነሻ ካፒታል በጥሬው በአንድ ጊዜ አትስጡ። በሳምንቱ ዘመድ ለሠርግና ለተዝካር ይጠይቃታል፤ እምቢ ማለት አትችልም። ኪራዩን ለባለቤቱ፣ ምጣዱንና ዕቃውን ለነጋዴው እናንተ ክፈሉ። ቀሪውን በሦስት ጊዜ ስጡ፤ ሁለተኛው የመጀመሪያው ወር የሽያጭ መዝገብ ታይቶ። ዕቁብ ትግባ፤ ዕጣው ግን ቶሎ ከወጣላት ዕዳ እንደሚሆንባት አስረዷት።

አድባራት 44

ስድስቱም አልጋ ለሴት ነው? በመተማ በኩል ወደ ሊቢያ የሚሄደው አብዛኛው ወንድ ነው። የገጠር ልጆች፣ አሥራ ስድስትና አሥራ ሰባት ዓመት የሆናቸው። ተገርፈው፣ በቀለጠ ላስቲክ ተቃጥለው ይመለሳሉ። "ወንድ አይደለህ፣ ቻለው" ይባላሉ።

የቸቸላ አማካሪ

እውነት ነው። ወንዶችና ሴቶች በአንድ ግቢ አይደሩ፤ ለወንዶቹ አንድ ሁለት ክፍል በሌላ ሰፈር ተከራዩ። በወንዶች ላይም የጾታ ጥቃት ይደርሳል፤ ሳይጠየቅ የሚናገር የለም ማለት ይቻላል። ወንድ ነርስ ለብቻው ይጠይቃቸው። ሐዘናቸውም በቁጣና በአረቄ ስለሚወጣ "ዱርዬ" ተብለው ከቤት ይባረራሉ። በመጠጡ ምክንያት ከማባረር በፊት ስለ እንቅልፋቸው ጠይቋቸው።

የጠፉባቸው ካሉም፣ አብሮት የሄደ ወንድሙ ባሕር ላይ ወይም በረሃ የቀረበት፣ የቀይ መስቀል ማኅበር የቤተሰብ ማፈላለጊያ አገልግሎት አለው፤ ቅጹን የሚሞላው ቤተሰብ ነው። ቁርጡ ሳይታወቅ ፍትሐት ይደረግ አይደረግ የሚለው ቤተሰብን ይከፋፍላል። ይህን ለመምህር እተዋለሁ።

የአራዳ ሰንበት ተማሪ

መምህር፣ እሱንም ይመልሱልን። አንድ ልጨምር፦ ከሱዳን ሕፃን ይዛ የመጣች እህት አለች፤ አባቱ አይታወቅም፤ ክርስትና ማስነሣት ትፈራለች።

መምህር ዘቁስቋም

ፍትሐቱ ሞቱ በታመነ ሰው ሳይረጋገጥ አይቸኮልበት። እስከዚያው ስሙ በጸሎት ይታሰብ፤ ለሕያውም ለሙትም ይጸለያልና ማንንም አይጎዳም። እናቱ ሐዘን እንድትቀመጥ ማንም አያስገድዳት፤ አትቀመጪም አይበላት።

ሕፃኑን በተመለከተ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ነው፤ ቀኑ ቢያልፍም ይጠመቃል። የአባት ስም የለም ተብሎ የሚከለከል ሕፃን የለም። ወንድ ከሆነ የክርስትና አባት፣ ሴት ከሆነች የክርስትና እናት ከማኅበራችሁ ይቁም። ልጁን በየዓመቱ የሚጎበኝ ሰው ይሁን፣ ለዕለቱ ብቻ የሚቆም አይሁን። የእሑዱን ሕዝብ ካፈረች በሥራ ቀን፣ ቅዳሴ ባለበት ማለዳ አምጡት። የክርስትና ስሙን ካህኑ ይሰጠዋል፤ መዝገቡ ላይ የእናቱ ስም ሙሉ ይጻፍ። የቀበሌውን የልደት ምዝገባ ደግሞ አብራችሁ ጨርሱላት፤ ለትምህርት ቤት ሲደርስ የሚጠየቀው እሱ ነው።